በመስኮት የተጠየቀ በሽተኛ

የአባቴን ሳንባ የበላው ጭስ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በገዛ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ፣ እየቆረጠ፣ በአፈር ከድኖ እያነደደ ከሰል አወጣ። ትንፋሽ ሲያጥረው ከገጠር ከዘንገና አምጥቼ እንጅባራ ከተማ፣ እኔ ቤት አስተኛሁት። ሐኪሙ «በሽታው አይድንም፤ ከተጠነቀቁለት ግን አብሮት ይኖራል» አለኝ። በየወሩ ክትትል፣ ጠዋትና ማታ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭስ እንዳያገኘው። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ያላሰብኩት ጠያቂውን ነው። እኛ አገር የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነው፤ የመጣን ጠያቂ በብርድ ማስቀመጥ ደግሞ ከነውርም ይብሳል። ክረምቱን ሙሉ ሰዎቹ ጋቢያቸው ርሶ፣ ድንች በከረጢት ይዘው ይገባሉ። አባቴ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እሳት አቅርቡላቸው» ይላል። የከሰሉ ማንደጃ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ነፋስ እንዳይመታው ብለው በሩንም መስኮቱንም ይዘጋሉ። ከዚያ ከብበውት በአገውኛ «እንዲያው ምን ነካው?» ይባባላሉ። ምን እንደነካውማ መሐላቸው ተቀምጦ እየጋመ ነው! እነሱ መርቀው ሲወጡ እኔ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ደግፌ ባጃጅ እለምናለሁ። በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። በፍቅር የሚገድልን ሰው ለማን ይከሱታል?

ከሦስተኛው በኋላ አመረርኩ። ማንደጃውን ጓሮ ወረወርኩት፤ በሩን ቆለፍኩ፤ ጠያቂ ሁሉ ውጭ ቆሞ በመስኮት እንዲያነጋግረው ወሰንኩ። መጀመሪያ የደረሱት የልጅነት ጓደኛው ናቸው፤ አብረውት ከሰል ሲያከስሉ የኖሩ፣ ከዘንገና በእግራቸው በዝናብ የመጡ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪም ከልክሏል፤ እዚሁ ሆነው ያነጋግሩት» አልኳቸው።

ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ትከሻቸው ላይ እየፈሰሰ «እግዜር ይማርህ፣ ወንድሜ» አሉት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አገር ገባ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም።

አባቴ ግን ተሻለው። ሳሉ ቀነሰ፤ እስከ አጥሩ በር ይራመድ ጀመር። በክትትሉ ቀን ነርሷ «አስታማሚ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ አሞገሰችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስንመለስ አባቴ ባጃጁ ውስጥ «ትንፋሹንስ አተረፍሽልኝ» አለ። «ከማን ጋር ላውጋበት?»

ተናደድኩ። ኑሮዬን ትቼ ያስታመምኩት እኔ፣ ወቀሳውም ለእኔ! ግን ቅዳሜ ዕለት ጓደኛውን ልጠራለት ዘንገና ሄድኩ። ሽማግሌው ወንበር አውጥተው ደጅ ላይ አስቀመጡኝ። ከእንግዲህ ቤት ገብተው እንደሚጠይቁት፣ በማንደጃው ፈንታ ወፍራም ብርድ ልብስ እንዳዘጋጀሁ ነገርኳቸው። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

«የለም ልጄ፣ ልክ ነሽ። እኛ ልብሳችንም ጭስ ጭስ ይሸታል። እንዳንጎዳው እዚሁ ሆነን እንጸልይለታለን» ብለው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

«ይመጣል?»

እውነቱን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። «ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል» አልኩት።

እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። በአንድ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ፣ በሌላው ጫማውን ይዳብስ ጀመር።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«ምን ወዴት ነው ትያለሽ?» አለ እያለከለከ። «የታመመ አይጠየቅም እንዴ?»