ፍሬኑ ዝም ያለ ቀን

በሞተር መነገድ የጀመርኩ ቀን፣ ከወገዳ ወጥተን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ድምፁ ጠፋ። ልጄ ይበልጣል ከፊት ይነዳል፤ እኔ ከኋላው የእንቁላል ሣጥኖቼን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ቁልፉን ሲያዞር አየሁት። የሞተሩ ጩኸት ቆመ፤ እኛ ግን አልቆምንም። ነፋሱ ነጠላዬን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይፈናጠራል፣ በቀኝ በኩል ገደል ነው።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«አጥፍቼው ነው እንጂ፣ እማ። ቁልቁለቱ በነጻ እያወረደን ቤንዚን ለምን ይቃጠል?»

«በምን ልታቆመው ነው ታዲያ?»

«በእግር ፍሬን።»

«ባይዝስ?»

«ኧረ እማ! ሁሉም እንዲህ ነው የሚወርደው።»

ዞር ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ከኋላችን የሚመጣው ሞተርም ድምፅ የለውም፤ ሰው ተደራርቦበት እንደ ጭልፊት ዝም ብሎ አለፈን። ክው አልኩ። ታች ሜዳው ላይ ስንቆም ይበልጣል አቅፎ አወረደኝ። ያን ቀን የገባብኝ ፍርሃት ሳይለቀኝ ከረመ።

ሥራዬ እንቁላል መሰብሰብ ነው። ከሲማዳ ቆላ ከገበሬ ሚስቶች ተቀብዬ ወገዳ ላለው ተረካቢ አስረክባለሁ፤ እሱ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይጭነዋል። ድሮ የምመላለሰው በአህያ ነበር። አህያ ቀርፋፋ ናት፤ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ግን ታውቃለች። ችግሩ፣ መንገድ ላይ ስንቆይ ሙቀቱ እንቁላሉን ያበላሸዋል። ተረካቢውም «እታገኝ፣ ጫጩት ነው እንዴ የምታመጪልኝ?» እያለ ይመልስብኛል። ስለዚህ አንድ በሬ ተሸጠና አሮጌ ሞተር ተገዛ። ይበልጣልም ሞፈርና ቀንበሩን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ መሪ ጨበጠ።

እንቁላል በሞተር መጫን የራሱ ሙያ አለው። ከሣጥኑ ሥር የጤፍ ጭድ ይነጠፋል፤ እንቁላሉ ቀጭን ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይደረደራል፤ በየደርቡ መካከል እንደገና ጭድ ይገባል። ሣጥኑን በገመድ ብቻ ያሰረ ሰው አስኳል ይዞ ነው የሚገባው። ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ነው የሚታሰር፣ መንገዱ ሲያነጥር አብሮ እንዲለጠጥ። ከመቀበሌ በፊት እያንዳንዱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። ውስጡ ከተንቦጫረቀ አልወስድም። ሴቶቹ «እታገኝ ከእንቁላል ጋር ትማከራለች» እያሉ ይስቁብኛል።

ሞተሩን የሸጠልን ሰው የፊቱን ፍሬን ሽቦ ቆርጦ ጥሎት ነበር። በእኛ አገር ብዙው ነጂ እንዲያ ያደርጋል፤ የፊት ፍሬን ይገለብጣል ይባላል። እጀታው ያለ ሥራ ቀረ። እኔም መስቀል አንጠለጠልኩበት።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ አቧራ ሲሆን የእግር ፍሬኑ መጮኽ ጀመረ። ጩኸቱ የብረት አይመስልም፤ የሰው ነው። አንድ ቀን ቆላ መንደር ስንደርስ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤታቸው እየሮጡ ወጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። ፍሬን ነው።»

«እኔማ መርዶ መስሎኝ! ድስቴን ጥጄ ነው የወጣሁ፤ አረረ በእናንተ።»

ወሬው ወገዳ ቀድሞን ገባ። የገበያው ጎረምሶች ይበልጣልን ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ «ወይኔ! ወይኔ!» ይሉታል። «አስለቃሹ መጣ፣ ንፍሮ አምጡ!» ይባባላሉ። ልጄ ገበያው ሳይደርስ ወርዶ ሞተሩን በእጁ መግፋት ጀመረ።

ወገዳ መግቢያ ላይ ደሳለኝ የሚባል ሞተር ሠሪ አለ። ወጣት ነው፤ እጁ ቀልጣፋ፣ ምላሱ ማር። ሁልጊዜ ደጁ በሞተር የተሞላ ነው። ገና ሲያየኝ «እናቴ፣ ጥላ ሥር ይረፉ» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ።

«ይጮኻል፤ አሳፈረኝ» አለው ይበልጣል። «ምራን ሲደርቅ ቅቤ እንቀባዋለን፤ ለስልሶ ዝም ይላል። ይህንንም ቀባልኝ።»

«እንዳልክ፣ ጌታዬ!»

ምራን ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር ነው። አርሶ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ የሚጮኽ ነገር ደርቋል፣ የደረቀ ነገር ቅባት ይፈልጋል። ደሳለኝ የኋላውን ጎማ ፈታ። ከጎማው መሐል ታምቡር የሚሉት ክብ ብረት አለ፤ በውስጡ ፍሬን ሲረገጥ ታምቡሩን ገፍተው የሚይዙ ሁለት ሸራዎች አሉ። ሸራዎቹን አወጣ፣ በጣቱ ግሪስ ለቀለቃቸው፣ መልሶ አሰረ። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አሁን ቢለምኑትም አያለቅስም» አለ።

እውነትም ዝም አለ። «እጅህ ይባረክ» ብለን ሄድን።

በማግሥቱ ወደ ቆላ ወረድን። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ይበልጣል እንደ ልማዱ አጠፋው። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍን። ከዚያ ነፋሱ በረታብኝ። የልጄ ትከሻ ከፊቴ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እግሩን ይጫናል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይጫናል። ምንም ድምፅ የለም። ያ ያሳፈረን ጩኸት ምነው አሁን በተሰማ!

«እማ» አለኝ። ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ነበር። «አልያዘም።»

 እመብርሃንን ጠራሁ። ስለት ልሳል አሰብኩና ምን እንደምሰጥ ሳልወስን፣ ይበልጣል «እግርሽን ሰብስቢ!» ብሎ መሪውን ከመንገዱ አወጣው። በግራ በኩል የታረሰ ማሳ ነበረ። ፈሩን በአራሽ ዓይን አየው መሰለኝ፣ አቋርጦ ገባበት። ጎማው በለሰለሰው አፈር ሰጠመ፣ ዘለለ፣ እንደገና ሰጠመ። ከዚያ እኔ አንድ ቦታ፣ ሣጥኖቼ ሌላ ቦታ፣ ሞተሩ በልጄ እግር ላይ።

ባለማሳው ጅራፉን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ምን ዓይነት ጥጋብ ነው! በታረሰ ላይ በሞተር?» ብሎ ጀመረና እኔን አፈር ለብሼ ሲያየኝ ጅራፉን ጣለው። ሞተሩን ከይበልጣል ላይ አነሣልን። ወደ መንገዱ ቀና ብሎ አየ፣ ወደ ገደሉ አየ፣ አማተበ።

«ለካ ለእናንተ ነው እየደጋገምኩ ያለሰለስኩት» አለ።

የይበልጣል እግር ተልጧል እንጂ አልተሰበረም። የእኔ ክንድ አብጧል። ልጄ እያነከሰ ወደ ኋላው ጎማ ሄደ። ታምቡሩን ነክቶ እጁን ቶሎ መለሰ፤ ይፋጃል። ከውስጡ የቀለጠ ግሪስ ጥቁር ሆኖ በጎማው ላይ ይወርዳል።

«ቅባቱ ነው፣ እማ» አለ። «ያስቀባሁት እኔ ነኝ።» አፈሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ።

ወደ ደሳለኝ ተመለስን። የሆነውን ነገርኩት።

«እግዜር አተረፋችሁ» አለ። «ግን እናቴ፣ ቀባልኝ ያለኝ ልጅዎ ነው።»

«ባለሙያው አንተ አይደለህም ወይ?»

«ደንበኛ ያዘዘኝን ነው የምሠራ። አይሆንም ብዬ ብመልሰው ጎረቤቴ ዘንድ ይሄዳል።»

አልተቆጣም፣ አላፈረም። ደግሞ በርጩማ አቀረበልኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከማሳው ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። ክፉ ሰው ቢሆን እሸሸው ነበር፤ ደሳለኝ ግን ደግ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የልጄን ነፍስ ያስያዝኩት ደግና እሺ ባይ እጅ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚታመን ሠሪ ፍለጋ ገባሁ። ይበልጣልን ዝም በል አልኩትና በየደጁ እየሄድኩ «ፍሬናችን ይጮኻል፤ ግሪስ ቀባልኝ» እላለሁ። አንዱ «እሺ» አለ። ሌላው «ከግሪስ የሞተር ዘይት ይሻላል» ብሎ መከረኝ።  በዚያ ቁልቁለት የሚወርደው የሰው ልጅ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ነፍሰ ጡሯ፣ ቄሱ፣ ተማሪው።

ዓርብ ዕለት ሞተሩን እንደ በሽተኛ በጭነት መኪና አሳፍረን ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ወሰድነው። ከከብት ተራው ጀርባ አያ ቢምረው የሚባሉ ሠሪ አሉ። በዕድሜ ከእኔ ገፋ ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። በርጩማቸው አንድ ናት፤ እሷም ላይ ራሳቸው ተቀምጠዋል።

«ፍሬናችን ይጮኻል፤ ግሪስ ይቀቡልኝ» አልኳቸው።

ቀና እንኳ አላሉም። «አልቀባም።»

«እከፍላለሁ እኮ።»

«መሞት ካማረሽ ገደሉ አለ፣ እሱ አያስከፍልም። እኔን ምን ታነካኪኛለሽ?»

እንባዬ መጣ። ይበልጣል ተሰድቤ መስሎት ሊቆጣ ተነሣ። እጁን ያዝኩት።

«ተወኝ» አልኩት። «አገኘሁ።»

አያ ቢምረው ጎማውን ፈቱ። ሸራዎቹን አውጥተው አሸተቷቸውና ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ነው ይህን ያደረገ?» አሉ። ይበልጣል አንገቱን ደፋ። ሸራው አልቆ ብረቱ ወጥቷል።

«አለቅሁ እያለ ሲጮኽላችሁ አፉን ዘጋችሁት። ሥራሽ ምንድን ነው አንቺ?»

«እንቁላል።»

«ስትገዢ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ትነቀንቂዋለሽ?»

«እነቀንቃለሁ።»

«ሲንቦጫረቅ ብትሰሚ ጆሮሽን ትደፍኛለሽ?»



አሮጌውን ሸራ ጣሉት። ታምቡሩን በቤንዚን አጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፣ አዲስ ሸራ አስገቡ። ከዚያ ሳንነግራቸው የፊቱን እጀታ ጨበጡና ባዶውን ሲመለስ አዩ።

«ይህስ ሽቦው የት ሄደ?»

«የፊቱ ይገለብጣል፣ አያ» አለ ይበልጣል።

«የሚገለብጥ ደንጋጣ እጅ ነው። ከሁለቱም በቀስታ ስትይዝ ምን አባቱ ይገለብጥሃል? ሳልቀጥለው አላስረክብም።»

መስቀሉን ልፈታ እጄን ሰደድኩ። «መስቀሉ ይኑር» አሉኝ። «ፍሬኑም ይኑር።»

ልጄ ፈራ ተባ እያለ ካቴናውን አሳያቸው። «ይህንንስ ልቀባ?»

«እሱን ቀባ፤ እሱ ተጠምቷል። የሚዞረውን ቀባ፣ የሚይዘውን አትንካ። ቁልቁለትስ እንዴት ነው የምትወርደው?»

«አጥፍቼ።»

«ለምን?»

«ቤንዚን እንዲተርፍ።»

«ይተርፋል፣ ለተዝካርህ የሚመጡትን ያመላልሱበታል። ስማኝ ልጄ፤ ሞተሩን ሳታጠፋ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። እሱ ራሱ ይይዝሃል፤ ፍሬኑ ብቻውን አይቃጠልም።»

ሲጨርሱ ቁልፉን ልንቀበል እጃችንን ዘረጋን። አልሰጡንም። ራሳቸው ሞተሩ ላይ ተቀምጠው ከከተማው ወጣ ያለውን ቁልቁለት ወርደው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው አሁንም አልተፈታም። «ይይዛል» አሉና ወደ በርጩማቸው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያች ቃል በላይ የሚያሳርፍ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቆላ የምንወርድበት ቀን ደረሰ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ልውረድና በእግሬ ልሂድ አልኩ። ልጄ «እንዳሻሽ» ብሎ ቆመልኝ። አሰብኩት። እሱ ብቻውን ሲወርድ ከላይ ቆሜ ከማየት አብሬው ብሆን ይሻላል አልኩና ወገቡን ያዝኩ።

ሞተሩ አልጠፋም። በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመ፣ አንገቱን እንደተያዘ በሬ እየተንገታገተ ወረደ። ነጠላዬን ነፋስ አልጎተተውም። መታጠፊያው ላይ ይበልጣል ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጎ ያዘ፤ ያዘለት። ባለማሳው በሬዎቹን አቁሞ ከሩቅ ተጣራ።

«ዛሬ አትገቡም?»

«ዛሬስ በመንገዱ ነን!» አልኩት።

እናንተ በየቁልቁለቱ በሞተር የምትነግዱ ሰዎች፣ የሚጮኽ ፍሬን አትቀቡ፤ አስፈትታችሁ እዩት። ሠሪ ስትመርጡም እሺ የሚላችሁን ትታችሁ አይሆንም የሚላችሁን ያዙ።

ታች ሜዳው ላይ ደረስን። ይበልጣል መጀመሪያ አቆመ፣ ከዚያ አጠፋ። በገዛ እግሬ ወረድኩ። ልጄ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ።