ቻርጅ ያላደረገው ትራክተር

ቡታጅራ ጋራዥ የገባሁት ወልቂጤ በአውቶ ኤሌክትሪክ በተመረቅኩ በወሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን ጋሽ ታደሰ ሞተር የሚያስነሳውን የሚኒባስ ሞተሪኖ አስይዘው አንድ ጥግ አስቀመጡኝ። ፈትቼ፣ ካርቦኑን ቀይሬ፣ መልሼ መግጠም ነበረብኝ። የሚኒባሱ ሹፌር መጥቶ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ።

"ወንድ የለም እንዴ?" አለ።

"ወንዶቹ ምሳ ሄደዋል" አሉት ጋሽ ታደሰ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ከቸኮልክ እሷ አለች፤ ካልቸኮልክ ቁጭ ብለህ ጠብቃቸው።"

ሹፌሩ ቸኩሎ ነበር። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ሲነሳለት ምስጋናውን ለጋሽ ታደሰ ሰጥቶ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በአምስተኛው ዓመቴ የጋራዡ ዋና ኤሌክትሪሺያን ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠግቤ ነበር። መኪና ግቢ ሲገባ ገና ድምፁን ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ። ብዙ ጊዜ ይሳካልኛል፤ ጉዳቴም እሱ ነበር።

ሐጂ ከድር የመስቃን ገበሬ ናቸው። በርበሬና በቆሎ ያመርታሉ። በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ትራክተር አላቸው፤ በእሱ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻቸውንም መሬት ያርሳሉ። በዚያ ዓመት ትራክተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረ። ባትሪውን ከተማ ወስደው ያስሞሉታል፤ ሦስት ቀን ይሠራል፤ በአራተኛው ቀን ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል።

ሄድኩላቸው። ሞተሩን በሌላ ባትሪ አስነስቼ ቴስተሬን ባትሪው ላይ አደረግሁ። ሞተሩ እየሠራ አሥራ አራት ቮልት ገደማ ማሳየት ሲገባው አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ አልላላም።

"ሐጂ፣ ዲናሞው ሞቷል" አልኳቸው። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ ባትሪው ካልሞላ ጥፋቱ የዲናሞው ነው ብዬ ጨረስኩ። ከዚያ በላይ አልለካሁም።

አዲስ አበባ ላሉት ልጆቻቸው ደውለው ሌላ ዲናሞ አስላኩ። ገጠምኩት። ቴስተሩ አሁንም አሥራ ሁለት። ጋራዥ ተመልሼ "የላኩላቸው ዲናሞም የማይረባ ነው" ስል ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"በአንድ ሳምንት ሁለት ዲናሞ ሞተ?" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ገና መልቀም አልጀመርኩም ነበር።

ረቡዕ ሐጂ ደወሉ።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ አትልፊ። ከቆሼ ከተማ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቶ ይወስደዋል። ዝናቡ ደርሷል። ላርስላቸው ቃል የሰጠኋቸውን ሰዎች ሌላ ፈልጉ ብያቸዋለሁ።"

አፈርኩ። ትራክተሩን የገዙት በወጣትነታቸው በርበሬ ሸጠው ነው፤ ጎረቤቶቻቸውም እሱን አምነው ነው በሬ ያልፈለጉት። "እስከ ዓርብ ይታገሱኝ" አልኳቸው።

"እስከ ዓርብ የኔ ነው። ነይ።"

ሐሙስ በጠዋት ደረስኩ። በዚህ ጊዜ ከሀ ጀመርኩ። ሞተሩን አስነስቼ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዲናሞው መውጫ ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው አካል ላይ አደረግሁ። አሥራ አራት ተኩል። ዲናሞው ይሠራል። ከመውጫው እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለው ሽቦም ደህና ነው። በመጨረሻ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካሁ። እዚያ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። ሁለት ተኩል አሳየ። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

ሞተሩን አጥፍቼ ዲናሞውን ፈታሁና የሚታሰርበትን ብረት አየሁ። ቀይ ነው። የብሎኑ ቀዳዳ ውስጡ ሳይቀር ቀይ ነው።

"ሐጂ፣ ቀለሙ ነው።"

"የቱ ቀለም?"

"ይሄ። ማን ቀባው?"

"እኔ ነኛ" አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ለአረፋ ልጆቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ አዲስ ሆኖ ያግኙት ብዬ። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ላይ ላዩን አይደለም፤ እያንዳንዱን ዕቃ ፈትቼ ነው የቀባሁት።"

"ላይ ላዩን ቢቀቡት ኖሮ ይሠራ ነበር።"

ቀለም ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ፣ ዲናሞው ደግሞ ብረት ለብረት መነካካት እንዳለበት አስረዳኋቸው። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግሁት፤ ቀዳዳዎቹንም እንዲሁ። ገጥሜ ሳስነሳው ባትሪው ላይ አሥራ አራት ከምናምን መጣ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው የትራክተሩን ጎማ መታ መታ አደረጉት።

እዚያ ላይ ዕቃዬን ሰብስቤ መሄድ እችል ነበር። ግን አሮጌው ዲናሞ መጋዘናቸው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አመጣሁትና በአዲሱ ቦታ ገጠምኩት። እሱም አሥራ አራት ከምናምን።

"ሐጂ፣ ይሄም አልሞተም ነበር" አልኳቸው። "ሳልለካ ነው ሞተ ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ጎንበስ ብለው ዲናሞውን አዩት። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"እኔ ቀባሁ፣ አንቺ ፈረድሽ" አሉ በመጨረሻ። "ከሦስታችን ያላጠፋው ትራክተሩ ብቻ ነው።"

አዲሱን ዲናሞ ለመጠባበቂያ አስቀመጡት። ዓርብ የቆሼው ገዢ ሲመጣ ሐጂ ሞተሩን አስነስተው ትራክተሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅርታ" አሉት፤ "ልሸጥልህ ያሰብኩት የታመመውን ነው፤ ይሄ ድኗል።" ሰውዬው ስቆ ምሳ በልቶ ተመለሰ። ሐጂም ቅዳሜ ከራሳቸው በፊት የጎረቤታቸውን መሬት አረሱ።

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ። ባትሪ የማይሞላ ትራክተር ሲገጥመኝ አንድም ብሎን ሳልፈታ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ እለካለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከተሳሳትኩም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ከእኔ ነው።