እምቢ የማይል ቻርት

አሸናፊ በሙጃ ከተማ ባለ አንድ የውሃ ጽሕፈት ቤት የፕላን ባለሙያ ነው። እኔ ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ አረጀሁ፤ አቅዶ የፈጸመውን ነገር ግን እስካሁን አላየሁም። ሥራው ኤክሴል ከፍቶ ሳጥን መሣል ነው። ሌላው ሰው ቁጥር ይደምርበታል፤ እሱ ዓምዶቹን እያጠበበ ገጹን ወንፊት ያስመስለውና በላዩ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ቀስት፣ ከቀስቱ ሌላ ሳጥን ይቀጣጥላል። «የሥራ ፍሰት ቻርት» ይለዋል። ምን እንደሚፈስ እንጃለት! በመሀል አንድ ረድፍ ያስገባ እንደሆነ ሳጥኖቹ ሁሉ እንደ ሊጥ ይለጠጡበታል፤ ያን ቀን ባለጉዳይ በሩ ላይ ተዝለፍልፎ ቢወድቅ ቀና አይልም።

አትሞ ሲያወጣው ደግሞ ቻርቱ በአንድ ወረቀት አልገባ ይላል። ግማሽ ሳጥን እዚህ፣ ግማሽ ቀስት እዚያ። በፕላስተር እያጣበቀ ግድግዳውን ሸፈነው። ላሊበላ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ቀለም ጨመረበት፤ ኃላፊያችንም «ተሞክሮ ነው፤ ይቀመር» አሉ።

የአሸናፊ እናት እማማ አዛለች ከከተማው በላይ ባለች መንደር ይኖራሉ። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ተሰብሮ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ከወንዝ ነበር። ልጃቸው ቢሮ አለ አይደል? መንደሩ እሳቸውን ወከለ። በየገበያው ቀን እየወረዱ «መለዋወጫው መጣ ወይ?» ይላሉ። እንደማይመጣ አሸናፊም ያውቃል፣ ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ የዚያ ዓይነት ፓምፕ መመረቱ ከቀረ ቆይቷል። ቻርቱ ግን ይህን አይናገርም።

እኛ አገር ሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልም። ልጁን መስጠት የማይፈልግ አባት እንኳ ሽማግሌ ሲላክበት «ዘመድ ላማክር፤ ተመለሱ» ነው የሚለው። ለትዳር ደግ ወግ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከፊቱ አይተው ይገባቸዋል፣ ሌላ ደጅ ይሄዳሉ። አሸናፊ ይህንን ወግ ወስዶ ኤክሴል ውስጥ ከተተው። «መለዋወጫ አለ?» ከሚለው ሳጥን የሚወጣው የ«የለም» ቀስት ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ «በሚቀጥለው ገበያ ይመለሱ» ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ በሩ። የሳጥን ፊት ደግሞ አይነበብም።

አንድ የገበያ ቀን እማማ አዛለች ገብተው ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«አሹ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?»

ደስ አለው። እናቱ ስለ ሥራው ሲጠይቁት የመጀመሪያው ነበር። «ይችውልሽ እማ፣ ባለጉዳይ የምትለዋ።»

«ከዚህስ ወዴት ነው እምሄድ?»

በጣቱ ቀስቱን እየተከተለ መራቸው። ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ላይ፤ ጣቱ ዞሮ በሩ ላይ ቆመ።

«እምቢ የሚል ሳጥን የለህም?»

«ኧረ ነውር ነው እማ! በናት ፊት እምቢ ይባላል እንዴ?»

«ነውሩስ ይሄ ነው! አይመጣም ብትሉን ኖሮ የዱሮውን ምንጭ በደቦ እንጠርገው ነበር። ፓምፑ ይሠራል እያልን አይደል እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥን?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይመጣል?»

«አይመጣም እማማ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። የምንጩ ደለል ተጠረገ፣ ውሃው ፈሰሰ። አሸናፊ ይህን ሲሰማ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በቻርቱ ግርጌ አረንጓዴ ክብ ሣለና «የውሃ ችግር ተፈታ» ብሎ ጻፈበት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ለሪፖርቱ ፎቶ ያስፈልጋል ብሎ እኔንም አስከትሎ ዳገቱን ወጣ።

እማማ አዛለች ከሴቶቹ ጋር ጀሪካን እየሞሉ ነበር። አሸናፊ ስልኩን አወጣ። «እማ፣ እስቲ መሀል ቁሚ።»

«ለምንህ ነው?»

«ለቻርቱ ነው። ቢሮው ችግራችሁን እንደፈታ…»

«እምቢ» አሉት።

ሴቶቹ ቀና አሉ። አሸናፊ የቀለዱ መስሎት ሳቅ አለ።

«እምቢ አልኩህ! ጠምቶህ እንደሆነ ውሃው ይኸው፤ ጠጣ። ፎቶ ግን የለም።»

አሸናፊ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ውሃውንም ሳይቀምስ ቁልቁለቱን ተያያዘው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ እስክረካ ጠጣሁ።

አረንጓዴው ክብ ዛሬም ከግድግዳው አልወረደም። እማማ አዛለችም በየገበያው ይወርዳሉ፤ በቢሮው በር ሲያልፉ ግን ዞር አይሉም። ያን ጊዜ አሸናፊ ማውሱን ይተውና እስኪያልፉ ድረስ በመስኮት ያያቸዋል።