ሙልኪ ግማሽ ቤት አትሠራም

«ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያልን የምንጠራት ጎረቤታችን ሙልኪ ከልጅነቷ ጀምሮ የሶማሌውን ክብ ቤት፣ አቃሉን፣ ስትሠራ ነው የኖረችው። ለልጇ ለቢላን ሠርግም ሰሌኑን ስትታታ ከረመች። ዋዜማውን እኛ የሰፈር ሴቶች ተጋግዘን ቤቱን የሠርጉ ድንኳን መሀል አቆምንላት።

ጠዋት ስንመጣ፣ ዲኮር የሚሠራው ይሳቅ የፊቱን እንጨቶች ነቅሎ ጥሏቸዋል! የቀረውን ግማሽ በሽቦ ከድንኳኑ ብረት ጋር አስሮ የሙሽሮቹን ወንበር ደቅኖበታል።

«ለካሜራ እንዲመች ነው፣ ኤዶ።»

«ለልጄ ግማሽ ቤት? ግማሽ ባልም አምጥተህላታል?»

እኔም ልጄን እንዳዘልኩ ደሜ ፈላ። አቃል የሚቆመው እንጨቱ ጎብጦ ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር ስለሚታሰር ነው። በሽቦ የተንጠለጠለ ቤት ለሙሽራ መስጠት ምን የሚሉት ንቀት ነው?

«ዋላሂ፣ ሽቦህን ፍታ!» አለችው።

ሽቦው ሲፈታ ዙሪያውን ቆምን፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንጨት ይዘን ወደ መሀል አጎበጥን፤ እሷ አሰረች። ወንበሮቹንም ወደ ውጭ ወረወረቻቸው።

ቢላን ሙሉ ቤት ገባች። ካሜራ ማኑ ፎቶ ያነሳት በጉልበቱ ድሆ ገብቶ ነው። ይሳቅን ግን ኤዶ ሙልኪ እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም፤ ደግ አደረገች።