በለቅሶ ድንኳን የተቆረጠ ቀን

አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንሠራለን። ኮምፒውተር ሲከፈት ቀድሞ የሚነሳው፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በሱ ላይ የሚሠራው ማለት ነው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት፣ ደመወዝ ለማንም የለም። ደመወዝ ከሌለ አለቃ አይኖርም ብላችሁ እንዳትሞኙ። አለን። የሱ ሥራ የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት ነው፤ አዲሱ እትም መቼ እንደሚወጣ፣ አዲስ ነገር መቀበል የሚቆምበት የመዝጊያ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደደረሰ፣ ማን እንደቀረ። አንዲት መስመር ኮድ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ቀን ሲቆርጥ ግን ያምርበታል።

የኔ ድርሻ ድምፁ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን አማርኛ ለማያይ ሰው ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም። ለአገር ብዬ አልጀመርኩትም። ታላቅ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፤ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ነው። መዝገቦቹን የሚያነብለት ጡረተኛው አባታችን ነበር። በየጠዋቱ ክንዱን ይዞ ከሰፈራችን ከአብነት ይወስደዋል፣ እስከ ምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጦ ያነብለታል። መሥሪያ ቤቱ የኛን ሲስተም ይጠቀማል፤ ግን በይፋ ከወጣው እትም ውጭ ምንም ነገር አያስጭኑም፣ ፋይልም ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ ድምፁ አዲሱ እትም ውስጥ መግባት ነበረበት። ካልገባ ቀጣዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የመዝጊያው ቀን ሲቃረብ አባቴ በድንገት ሞተ።

እድሩ መንገዱን ዘግቶ ደጃችን ላይ ድንኳን ተከለ። ሲስተሙን አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ስብሰባ ሲጠራ ግማሹ ታክሲ አጣሁ ይላል፣ ግማሹ ኔትወርክ። ለቅሶ ግን ማን ይቀራል? በቀብሩ ማግስት ሁሉም መጡ። «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ገቡና አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ ንፍሮ ዞረላቸው። አለቃችን ግራ ቀኙን ሲያይ ማንም እንዳልጎደለ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ በራ።

«እንዲህ ተሟልተን አናውቅም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስቲ ያችን ሰሌዳ እንጨርሳት።»

ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። በአባቴ ለቅሶ! እያንዳንዱን ትደርሳለህ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እንደ ልማዳችን የማይደርሰውም ጭምር «ይደርሳል» አለ። የኔ ተራ ሲሆን እኔን አልጠየቀኝም። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «የሷን ከዚህ እትም እናስቀረው። አሁን እሷን ማስጨነቅ ግፍ ነው» አላቸው። አፋቸው ንፍሮ እንደሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዘኑልኝ እኮ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል።

ወዲያው አንዱ እንደማፈር ብሎ በመዝጊያው ሰሞን ሚዜ መሆኑን ተናገረ። «ሰርግማ አይቀርም» አለ አለቃችን፤ እየሳቀ መዝጊያውን በሳምንት ገፋለት። እኔ የቀረኝ ሙከራ ብቻ ነበር። ሳምንት በቂዬ ነው።

«ከተገፋማ እኔም እደርሳለሁ» አልኩ።

ጮክ ብዬ ኖሯል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አክስቴ ነጠላዬን ሳብ አደረገችኝ። «ኧረ ነውር ነው ልጄ! የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ስለ ሥራ? ሰው ምን ይለናል?»

እነሱ ስለ ሥራ ሲያወሩ አጽናኝ ናቸው፣ እኔ ሳወራ ባለጌ ነኝ። ሐዘንተኛ ያለቅሳል እንጂ ቀን አይከራከርም። አለቃችን «አይዞሽ፣ አንቺ ምንም አታስቢ» ብሎ ላፕቶፑን ከደነ። ያን «አይዞሽ» ባስታወስኩ ቁጥር ምነው በጥፊ ባልኩት እላለሁ። ያኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ።

ወንድሜ ነው የተናገረው፣ በትሕትና። «ቀጣዩ እትም መቼ ነው፣ ወንድሜ?»

«ሁለት ዓመት ነው ጋሼ። ምን አላት ብለው ነው፤ ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ትደርሳለች።»

ምን እንዳለ እንኳ አልታወቀውም። ወንድሜ «እሺ» አለ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ወንድሜን ወደ ሥራው የሚያደርሰው ሰው እኔ ሆንኩ። በየጠዋቱ ክንዱን ይዤ እሄዳለሁ፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ ምሳ ሰዓት አነባለሁ። የውርስ ክርክር፣ የወሰን ክርክር፣ የፍቺ ክርክር፤ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ እንጀራዬን የማገኝበት ሥራ አለብኝ። ድምፁን የምሠራው ጠዋት ጠዋት ነበር። አሁን ጠዋት የለኝም፤ ኮዱንም ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል፣ በቀደም አለቃችን ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት ከወንድሜ ጎን ሆኜ፣ አንድ መዝገብ አጋማሽ ላይ ደርሼ ነው።

«የአዲሱን እትም ሰሌዳ እያወጣሁ ነበር። ድምፁ ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«እንዴ! ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ሳነብ» አልኩት።