በእርጥብ እጅ

መጀመሪያ ያየሁት እጅጌዋን ነው። እስከ ክርኗ ርሶ ነበር። የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት ቤት ውስጥ እርጥብ ሰው አይቼ ስለማላውቅ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሴትዮዋ የመታጠቢያ ቤት መብራት ብቻ ነው የምትሸጠው። ባንኮኒው ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ አለ፤ ከሳፋው በላይ አንድ መብራት በርቶ ተንጠልጥሏል፤ እሷ በጆግ ውሃ እየቀዳች ታፈስበታለች። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ሲሰባበር ጣሪያው ላይ የብርሃን ዓሣዎች የሚዋኙ መሰለኝ። የሰፈሩ ሰው «ዝናቧ» ይላታል።

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ግጠም፤ ውሃ ይገባብሃል» አለችኝ። አጠገቧ የቆመው ሴራሚክ ነጣፊ ከት ብሎ ሳቀ።

ለተከራየኋት ክፍል መብራት እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ከሻወሩ በላይ ነው ወይስ ከመስታወቱ?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«እንፋሎት የሚነካውና ውሃ የሚረጭበት አንድ ናቸው?» ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አሳየችኝ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ውሃ የመከላከል አቅሙም ከፍ ይላል። ከዚያ የመብራቱን ክዳን ፈትታ ዙሪያውን የያዘውን ጥቁር ጎማ በጥፍሯ ሳብ አደረገችው። «ይቺ ጎማ ከተሰነጠቀች በኋላ መብራት አትበለው። ወጥመድ ነው።»

ክዳኑን መልሳ ገጥማ አበራችውና እጄን በውሃ አርሳ አስያዘችኝ። እዚያ ቤት ሳይፈተን የሚሸጥ ነገር የለም። አሁን የተጣለ እንቁላል የያዝኩ ያህል ሞቀኝ። እኔ የምፈልገው ዓይነት ግን አልቆባት ስለነበር በሚቀጥለው ሳምንት እንድመለስ ቀጠረችኝ።

ስንወጣ ነጣፊው የሴትዮዋን ታሪክ አጫወተኝ። ታናሽ እህቷ ጸጉር ሠሪ ነበረች። በተከራየችው ቤት ገላዋን ስትታጠብ፣ ከራሷ በላይ የተሰቀለውን ጌጠኛ መብራት የናስ ጠርዝ እጇ ነካው። ውስጡ ውሃ ቋጥሮ ኖሮ ኮረንቲ ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን እንደተኮማተሩ ቀሩ። አከራይዋ መብራቱን በዚያው ቀን ነቅሎ ጣለና ለጎረቤቱ ሁሉ «ማን በእርጥብ እጇ መብራት ንኪ አላት?» እያለ አወራ። ሰው አመነው። የባሰው ደግሞ እህትየውም አመነችው። ስለ እጇ ለሚጠይቃት ሁሉ «በራሴ ጥፋት ነው» ትላለች።

«ዝናቧ ይህን በሰማች ቁጥር ትቃጠላለች» አለኝ። «ያንን ቃል በገዛ አፉ ሳላስውጠው አልሞትም ብላ ምላለች።»

ቀጠሮዬ ደርሶ ስመለስ አንድ ደልደል ያለ ሰው ባንኮኒውን ተደግፎ ያማርጣል። አዲስ ቤት ሠርቷል። ነጣፊው ከበሩ አጠገብ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሰኝ። የሴትዮዋ ፊት አመድ መስሎ ነበርና ሰውየው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እሱ ግን አላወቃትም። የወጋ ረሳ፤ የተወጋ ግን መደብር ከፈተ።

«ይኼኛው ያምራል» አለ ሰውየው፣ የናስ ጠርዝ ወዳለው እየጠቆመ። «ከሻወሩ በላይ ይሰቀልልኛል።»

«እሱ ለማሳያ የሰቀልኩት የሳሎን መብራት ነው ጋሼ። ከታች ክፍት ስለሆነ እንፋሎት ያስገባል።»

«ኸረ ተይ! እናንተ ነጋዴዎች ውዱን ለመሸጥ የማታወሩት የለም።»

ዝም ብላ ጠቅልላ ብትሰጠው ቂሟ ያለ አንድ ቃል ይፈጸም ነበር። እጇ ናሱ ላይ ቆየ። ከዚያ አውርዳ ከሳፋው በላይ አንጠለጠለችው፤ ገመዱን ሰካችው። በራ። ጆጉን ሞልታ አነሳች።

«እንግዲህ እጅዎን ያርጥቡና ይያዙት። እኔ ከላይ አፈስበታለሁ።»

«እኔ?»

«ገዢ ሁሉ ይይዛል።»

ጆጉ ዘንበል አለ። ሰውየው ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። «ተይ! ተይ! ይገድላል!»

ጆጉን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ገመዱን ነቀለች።

«በምን አወቅህ?»

«አንተ» ስትለው ነጣፊው እንኳ ደነገጠ።

«ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን። ጸጉር ሠሪዋ እህቴ ናት። ጥፋቱ የእርጥብ እጇ ነው አላልክም? የምን ይገድላል ነው?»

ሰውየው ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ነጣፊው የሙጫ ከረጢቱን ታቅፎ ቆሟል። «ወዴት ጋሼ? ገና አልደረቀም እኮ፤ ይረግጡታል።» ከኋላው መንገደኛ ተሰብስቧል።

«ያኛውም… ያንጠባጥብ ነበር» አለ ሰውየው በመጨረሻ። «ከእሷ በፊት የነበረው ተከራይ ነግሮኛል። እቀይረዋለሁ እያልኩ…»

ዝናቧ ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፍታ አፉ ላይ ደገነችው። «ለእሷ ንገራት።»

ነገራት። ከወዲያ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ድገመው በይው።»

ደገመው። ላቡ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ።

«እቴቴ፣ አንድ ጊዜ ይድገመው። ጮክ ብሎ።»

ሦስተኛውን ሲናገር አለቀሰ። እኔም ልቤ ባባ፤ ዝናቧ ግን ዓይኗ እንኳ አልረጠበም። ከመደርደሪያው ክብ፣ ነጭ፣ ጌጥ የሌለው መብራት አውርዳ ካርቶኑን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ይኼ ውሃ አያስገባም። ሞትህን አልፈልግም፤ ሞተህ ማን ይመሰክርልኛል? ስትታጠብ ግን ቀና በል። ከላይ የማይህ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ካርቶኑን ታቅፎ ከሕዝቡ መሐል ሲወጣ ማንም ቶሎ አላሳለፈውም።

«አንጀትሽ ራሰ?» አልኳት።

«ምን ይርሳል? እዚህ የሰማው መንገደኛ ነው። ውሸቱን ያመኑት የእሱ ጎረቤቶች ናቸው።» የእኔን መብራት እጄ ላይ አስቀመጠች፤ እኔንም ነጣፊውንም አስወጥታ የመደብሩን በር ቆለፈች። «እህቴን ይዤ በየበራቸው እያንኳኳሁ አስደግመዋለሁ።»

«ዛሬ?»

ሰውየው ወደ ሄደበት አቅጣጫ፣ በመንገዱ መሐል፣ ሳትቸኩል ሄደች።