ዘነበ አንደኛ የወጣበት ቀን

ዘነበ ጅግሶ የዲላ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። እዚሁ ጌዴኦ ውስጥ ወርቃ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በ1989 ዓ.ም. ሥራ የያዘ፣ ቀጭን፣ ሲያወራ እንኳ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ሰው። ከተማችን ከአስፋልቱ ከፍ ሲሉ ዳገት፣ ዝቅ ሲሉ ቁልቁለት ነች፤ ቆጣሪዎቹም አንዱ አጥር ሥር፣ ሌላው ጓሮ እንሰት መሃል ተሸጉጠዋል። ዘነበ ይህን ሁሉ በእግሩ ያዳርሳል። «ሩጫ ማን አስተማረህ?» ሲሉት «የሰው ውሻ» ይላል። እየቀለደ አይደለም።

ከነስሩ ጋር ያገናኘውም ውሻ ነው። ነስሩ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነበር፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ከታላቅ ወንድሙ ከኸይረዲን ጋር ይሠራል። በ1995 አንድ ማለዳ ዘነበን የጎረቤት ውሻ አባሮት ዳገቱን ሽቅብ ሲፈተለክ ነስሩ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ አየው። ውሻው ደክሞት ተመለሰ። ዘነበ ግን ማስታወሻ ደብተሩን ከብብቱ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ግቢ ገባ። ነስሩ እየሳቀ ተከተለውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ ና። ውሻ የሌለበት ሩጫ አሳይሃለሁ» አለው።

የተሰባሰብነው እንዲህ እንዲህ እያልን ነው። አንዳችንም አትሌት አልነበርንም። ነርሷ ማርቲ፣ ፀጉር አስተካካዩ ይርጉ፣ የባንክ ጥበቃው፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ። ግማሾቻችን ሰልባጅ ጫማ፣ ሌሎቻችን ኮንጎ አድርገን ነበር የምንሮጠው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከከተማው ዳር ተነስተን በቡናውና በእንሰቱ መሃል ባለችው የእግር መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወጥተን፣ ተራራው ጫፍ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚያልቅ ውድድር እናደርጋለን። እስላምና ክርስቲያን ከአንድ ሥጋ ስለማንቀርብ፣ ጫፍ ላይ የምንበላው ሙዝ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች በዳጣ ነበር። የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ዳቦ አይቆረስም። የመጨረሻው ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ስለምሆን «ዳቦ አስጠባቂው» ይሉኝ ነበር።

ስምንት ዓመት ሙሉ ነስሩ አንደኛ፣ ዘነበ ሁለተኛ ወጡ። ሽልማቱ ነስሩ ራሱ ከሱቁ የሚያመጣው ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ነበርና፣ በየዓመቱ ያመጣውን ባልዲ ራሱ ተሸክሞ ይመለሳል። ባለቤቱ ሀዲጃ «ይህን ባልዲ ለምን አትሸጠውም?» እያለች ትስቅበታለች። ዘነበ ቅር አይለውም ነበር። «የነስሩን ጀርባ ካላየሁ የት እንደምሄድ አላውቅም» ይል ነበር።

በ2004 ጥቅምት ውስጥ ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ዝናብ ጣለ። በውድድሩ ጠዋት ግን ወደ ካፊያ ተለውጦ፣ ተራራው ከወገቡ በላይ ጉም ለብሶ ነበር። ማርቲ «ለሚቀጥለው ሳምንት ብናደርገውስ?» አለች። ነስሩ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ «ዝናብ ከፈራን ከዲላ መልቀቅ አለብን» አላት፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ስለ መሬት መንሸራተት በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣልኩ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት አንድ ቃል አልወጣኝም። ኸይረዲን ሰዓት ያዥ ስለሆነ ቀድሞን በሞተር ብስክሌት በመኪናው መንገድ ዞሮ ወጥቷል። ሠላሳ አንድ ሆነን ተነሳን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ዘነበ ራሱ ነው የነገረኝ። እስከ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ የነስሩ ቢጫ ሹራብ ከፊቱ ነበር፤ መቶ እርምጃ ያህል ይቀድመዋል። መንገዱ በገደሉ አፋፍ ሲዞር ቢጫው ጉም ውስጥ ገባ። ዘነበም ዞረ። እዚያ ላይ መንገዱ አንድ እርምጃ ተኩል ያህል ተቆርጦ፣ ትኩስ ቀይ አፈር ወደ ታች ወርዶ አገኘው። ነስሩ ዘሎት ያለፈ መስሎት እሱም ዘለለ። እግሩ ማዶ እንዳረፈ ከታች በግራ በኩል «ዘነበ!» የሚል ድምፅ ሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በልምምድ ቀን ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ስማችንን እየጠሩ ያበረታቱናል፤ ያም ከእነሱ አንዱ መሰለው። ወደ ድምፁ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አመሰገነና ሩጫውን ቀጠለ።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ኸይረዲን ጃንጥላውን ጥሎ ዘለለ።

«አንደኛ! ሃምሳ ስምንት ደቂቃ! ዘንድሮስ በላኸው!»

ዘነበ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ ሳቀ። «አይቀልዱ ጋሽ ኸይሩ። ነስሩስ?»

«ነስሩ ከኋላህ አይደል እንዴ?»

«ከፊቴ ነበር።»

«ማንም አልመጣም። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ቆሜያለሁ፤ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«ከፊቴ ነበር» አለ ዘነበ እንደገና። የኸይረዲን ሳቅ ከፊቱ ላይ አልወረደም፤ ደርቆ ቀረ። ዘነበ ለሦስተኛ ጊዜ «ከፊቴ ነ...» ብሎ ሳይጨርስ አፉ ተከፈተ። ያ ድምፅ መጣበት። ለቃሚ የለም፤ በእንዲያ ያለ ዝናብ ቡና የሚለቅም የለም። አጥሩን ያዘ። ከዚያ ዞሮ የመጣበትን መንገድ ቁልቁል ወረደው።

መጀመሪያ ያገኘው ይርጉን ነበር፤ ሁለተኛ ሊወጣ ነው። «ነስሩን አይተኸዋል?» አለው። ይርጉ «እሱ ቀድሞ...» ብሎ የዘነበን ፊት ሲያይ ዞሮ ተከተለው። ማርቲም ዞረች፣ ባንክ ጥበቃውም፣ ልብስ ሰፊዎቹም። እኔ ወደ ተቆረጠው መንገድ ስቃረብ፣ እየቀደሙኝ የሄዱት ሰዎች በሙሉ ከጉሙ ውስጥ በሰልፍ ወደኔ ሲወርዱ አየሁ። የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ያህል የደነገጥኩበት ጊዜ በሕይወቴ ትዝ አይለኝም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ።

ዘነበ በቂጡ እየተንሸራተተ ገደሉን ወረደ። አሥራ አምስት ሜትር ያህል ከታች፣ ናዳውን ሁለት ትልልቅ እንሰቶች አቁመውት፣ ነስሩ እስከ ደረቱ ጭቃ ውስጥ ነበር። ዓይኑ ተከድኗል። ቢጫው ሹራብ ቀይ ሆኗል። ዘነበ ክንዱን ይዞ ሊጎትተው ሲል ማርቲ ከላይ ጮኸችበት፣ «አትጎትተው! እግሩን ሳናይ እንዳትነካው! በእጃችሁ ቆፍሩ!» ወርዳ አንገቱን ዳሰሰችና «አለ» አለች። ያቺን ቃል ስንሰማ ሁላችንም እንደ እብድ መቆፈር ጀመርን። ጥፍራችን ተላጠ።

ጩኸቱን ሰምተው የማሳው ባለቤት ወይዘሮ ድንቅነሽ መቆፈሪያ ይዘው ደረሱ። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ማውራቱን ትተው ቁፋሮ ገቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አወጣነው። ቀኝ እግሩ በድንጋይ ተጨፍልቆ፣ ከጉልበቱ በታች የእግር መልክ አልነበረውም። ድንቅነሽ አዩትና ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ የቀርከሃ መዝጊያቸውን ከበሩ ነቅለው በጭንቅላታቸው ተሸክመው መጡ። እሱ ቃሬዛ ሆነን። ስድስት ስድስት እየሆንን፣ በየመቶ እርምጃው እየተቀባበልን፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወረድን። ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ቀን አብረን የሮጥንበት የለም። እግራችን አንድ ላይ ያርፋል፣ አንድ ላይ ይነሳል። ኸይረዲን ከጎን ከጎን እየሮጠ የወንድሙን እጅ አልለቀቀም። አስፋልቱ ላይ ቡና ጭኖ ይሄድ የነበረ አይሱዙ ቆመልን።

ሐዋሳ ሆስፒታል እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ዘነበና እኔ ልንጠይቀው ሄድን። ሀዲጃ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለታለች። ዘነበ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሰላምታም አልሰጠ።

«ነስሩ፣ ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ» አለ።

የሀዲጃ እጅ ቆመ።

«የሚያበረታታኝ ሰው መስሎኝ... እጄን አንስቼ አለፍኩ።»

ሀዲጃ ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ አስተያየት ከእሷ አይቼ አላውቅም። ነስሩ ግን «አውቃለሁ» አለ። «አይቼሃለሁ።»

ዘነበ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ሲል ከላይ አየሁህ። ስምህን ጠራሁ፤ እጅህን አነሳህልኝ። ‹ቆይ፣ ሰው ይዤ ልምጣ› ያልከኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረኝም። ሰዎች በላዬ ሲያልፉ ይሰማኛል፤ መጥራት አልቻልኩም። ጭቃው ደረቴ ላይ ሲከብድ፣ ዘነበ አይቶኛል፣ ይመጣል፣ ዘነበ አይቶኛል፣ ይመጣል እያልኩ ነው የተነፈስኩት። መጣህም።»

ዘነበ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሀዲጃ የላጠችውን ብርቱካን ለማን እንደምትሰጥ ጠፍቷት በእጇ እንደያዘች ቀረች። ስንመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያለችውን የአፖስቶ ከተማ እንዳለፈ፣ ዘነበ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ።

ሩጫውን ተወ። አለቃውን ለምኖ ሜዳው ላይ ወዳሉት ሰፈሮች ተዛወረ። ውድድሩም ቀረ፤ ማንም ይቅር ሳይል ቀረ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ሀዲጃ ዘነበ ቤት መጣች።

«ወንድሜ፣ በሱቃችን በኩል ማለፍ ትተህ በጓሮ ትዞራለህ አሉ።»

ዘነበ መሬት መሬት አየ።

«መጀመሪያ ተቀይሜህ ነበር፤ አልዋሽህም። አሁን ግን ነስሩን የሚያመው እግሩ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በር በሩን ያያል።»

በማግስቱ ሄደ። ነስሩ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ገና ሲያየው ጮኸበት። «እግር የሌለው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? እኔን ለማስደሰት ብለህ ከሆነ የተቀመጥከው፣ አላስደሰትከኝም!» ገዢዎቹ ምስማርና ቆርቆሯቸውን ትተው ወጡላቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። የማውቀው፣ በዚያው ሳምንት አብረው ወይዘሮ ድንቅነሽ ዘንድ መውጣታቸውን ነው። ነስሩ የብረት በር አሠርቶ ወስዶላቸው ነበር። ሴትዮዋ በሩን አንኳኩ፣ ዳሰሱ፣ ከዚያ «ይህ ቀዝቃዛ ነው» ብለው መለሱት። የቀርከሃውን መዝጊያ በሰው አሠርተው መልሰው ገጥመውታል። ይልቅ የታመመውን ሰው አምጡ ብለው ነስሩን አስገቡና ቆጮ በጎመን አበሉት።

በ2007 ውድድሩ እንደገና ተጀመረ። ጊዜው ወደ ታኅሣሥ፣ ወደ በጋው ዞረ፤ ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ዘግይቼም ቢሆን። ሁለት ሁለት እየሆንን እንሮጣለን፤ ጥንዱ አብሮ ካልደረሰ አይቆጠርም። ኸይረዲን ሰዓቱን ዳግም በእጁ አልነካም። አሁን ነስሩ በሞተር ብስክሌት ተፈናጦ ወጥቶ ይይዘዋል። ዘነበን የተወዳዳሪ ቁጥር አድርግ ብንለው እምቢ አለ፤ ገመድ በትከሻው፣ ፊሽካ በአንገቱ አድርጎ ከሁሉም ኋላ ይመጣል። የመጨረሻነቱን ቦታ ከእኔ ነጠቀኝ።

በ2009 ሃምሳ አራት ሆነን ወጣን። ዘነበ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ደረሰ፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ካስታወከች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር። ሁሉም በመኪና ሲወርድ ነስሩ «በእግሬ ነው የምወርደው» አለ። ሰው ሠራሽ እግሩን ገና በቅርቡ ነው ያገኘው፤ ቆዳውን ይልጠዋል። ዘነበ «ተው» አላለውም። በመኪናው መንገድ ጎን ለጎን ሆነው፣ በየዛፉ ሥር እያረፉ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ወረዱ። እኔ ቀድሜ ነስሩ ቤት ደርሼ ሀዲጃን ሳረጋጋ ነበር። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ ሁለቱም አቧራ ጠጥተው፣ ነስሩ በዘነበ ትከሻ ተንጠልጥሎ ገቡ። ሀዲጃ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«ሁለታችሁም እብድ ናችሁ» አለች። «ግቡ፤ ምሳው በርዷል።»